ጌታቸው መኩሪያን በሦስት መሣሪያ መዘከር

ጥያቄ፦ እዚህ ጎንደር በሳክስፎን፣ በቤዝና በድራም ብቻ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ያረፉትን ታላቁን የሳክስፎን ተጫዋች ጌታቸው መኩሪያን የሚዘክር፣ በመድረክ ላይ እየተፈጠረ የሚሄድ የጃዝ ኮንሰርት ለማቅረብ አስበናል። ፒያኖ አለመኖሩ ሙዚቃውን ያጎድልብናል?

መልስ፦ አያጎድልም ወንድሜ፤ እንዲያውም ይመቻል። ጌታቸው ሽለላንና ፉከራን በቴነር ሳክስፎን የተጫወቱ ሰው ስለሆኑ፣ ፒያኖ ከሥር ኮርድ (በአንድነት የሚሰሙ ድምፆች) ካልደረደረ ሳክስፎኑ እንደ ፎካሪ ድምፁን እያንቀጠቀጠ፣ እየጮኸና ድንገት እየቆረጠ ለመሄድ ነፃነት ያገኛል። ቤዙ አንድ ድምፅ ይዞ ይቆይ፤ ድራሙም የተጫዋቹን ትንፋሽ ይከተል።

ሌላ መልስ፦ እስማማለሁ፤ ሆኖም የተቀዳ ሥራቸውን እንዳለ መድገም እርሳቸውን ማክበር አይመስለኝም። አምባሰልም ይሁን አንቺሆዬ፣ በቅኝቱ ብቻ ተስማምታችሁ መድረክ ውጡ። ከተማችን አዝማሪ አላጣችምና፣ አንድ ባለማሲንቆ ለልምምድ ብትጋብዙ ደግሞ ታዳሚን እያዩ መፍጠርን ከእርሱ ትማራላችሁ።