የቆየ የኮሚክ መጽሔት የዛገ ሽቦ እንዴት ይወጣል?

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ የታተመ፣ ሽፋኑ ላይ የ12 ሳንቲም ዋጋ ያለበት የኮሚክ መጽሔት አለኝ። የምወደው ከታሪኩ ይልቅ ሥዕሉን ነው፤ በብሩሽ የተሳበው ወፍራም ጥቁር መስመርና በጥቃቅን ነጥቦች የተነባበሩት የማተሚያ ቀለሞች አንድ ላይ የሚሰጡትን መልክ በዛሬው ለስላሳ ኅትመት አላገኘሁትም።

ችግሩ ገጾቹን የያዙት ሁለቱ የስቴፕለር ሽቦዎች መዛጋቸው ነው። ዝገቱ ወደ ወረቀቱ ዘልቆ መካከለኛውን ገጽ፣ ያውም ሠዓሊው ሁለቱን ገጽ ሞልቶ የሣለበትን ቦታ፣ ቡናማ አድርጎታል። መጽሔቱን በአሲድ አልባ ካርቶን ደግፌ ማይላር በሚባል ጥርት ያለ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከብርሃንና ከእርጥበት አርቄ ባስቀምጠውም ዝገቱ መስፋፋቱን አላቆመም። የታችኛውን ሽቦ በወረንጦ ለማላቀቅ ስሞክር ሽፋኑ በቀዳዳው ዙሪያ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ስለተቀደደ ወዲያው ተውኩት። ሙጫው ውሎ አድሮ ወረቀቱን ስለሚያበላሽ ቴፕ አልለጠፍኩበትም። የመሸጥ ሐሳብ የለኝምና ሽቦውን መለወጥ በሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋውን ቢቀንሰውም አያሳስበኝም።

እንዲህ ያለ ሥራ የሠራችሁ፣ ሽፋኑ ከዚህ በላይ ሳይቀደድ የዛገውን ሽቦ ለማውጣት የታጠፉትን ጫፎች በምን መሣሪያና እንዴት አድርጌ ላቃናቸው?