በመጀመሪያው ዙር የመራ ዕጩ በመለያው ዙር ለምን ይሸነፋል? የአትላንታ የከንቲባ ምርጫዎች

ጥያቄ

የአሜሪካዋን የአትላንታ ከተማ የከንቲባ ምርጫ ታሪክ ሳነብ ግራ ያጋባኝ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2009 በተካሄደው የመጀመሪያ ዙር ሜሪ ኖርውድ 46 በመቶ ገደማ፣ ካሲም ሪድ ደግሞ 36 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝተው ነበር። ከአራት ሳምንት በኋላ በመለያው ዙር ግን ሪድ 42,549 ለ41,835 አሸነፉ። ኖርውድ በ2017 ዳግም ተወዳድረው እንደገና በመለያው ዙር፣ በ832 ድምፅ ልዩነት በኪሻ ላንስ ቦተምስ ተሸነፉ። አሥር በመቶ ያህል ብልጫ የነበረው ዕጩ በዚህን ያህል አጭር ጊዜ የሚሸነፈው መራጩ ሐሳቡን ስለሚቀይር ነው?

የመጀመሪያ መልስ

ሐሳቡን የቀየረ መራጭ ባይኖርም ውጤቱ ሊገለበጥ ይችላል። ሕጉ ለማሸነፍ ከግማሽ በላይ ድምፅ ይጠይቃል፤ ያንን ያገኘ ከሌለ ሁለቱ ቀዳሚዎች ብቻ ለመለያው ዙር ይቀርባሉ። በ2009 ለሌሎች ዕጩዎች የተሰጠው ድምፅ 18 በመቶ ያህል ነበር፤ ሦስተኛ የወጡት ሊሳ ቦርደርስም በኋላ ለሪድ ድጋፋቸውን ሰጥተዋል። ይሁን እንጂ ስሌቱን ልብ ብለው ይመልከቱት፦ የመጀመሪያው ዙር መራጮች ሁሉ ተመልሰው ቢመጡ ኖሮ፣ ሪድ ለማሸነፍ ከዚያ 18 በመቶ ውስጥ ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነውን ማግኘት ነበረባቸው። ይህ እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ በእኔ እምነት ወሳኙ ጉዳይ ከመጀመሪያው ዙር መራጮች እነማን ቤታቸው ቀሩ፣ እነማንስ አዲስ ወጥተው ድምፅ ሰጡ የሚለው ነው።

ሁለተኛ መልስ

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ እስማማለሁ፤ ነገር ግን ሰዉን ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ድምፅ መስጫ ጣቢያ መጥራት ብቸኛው መንገድ አይደለም። በካሊፎርኒያዋ የኦክላንድ ከተማ መራጩ ዕጩዎችን በአንድ ቀን፣ በአንድ ወረቀት ላይ በቅደም ተከተል ይመርጣል። በ2022 በመጀመሪያ ምርጫ የመሩት ሎረን ቴይለር ቢሆኑም፣ ከውድድሩ የወጡት ዕጩዎች ድምፅ ለመራጮቻቸው ቀጣይ ምርጫ ሲደለደል ሼንግ ታዎ በ677 ድምፅ ብልጫ አሸንፈዋል። ስለሆነም የመሪው መሸነፍ የሚመጣው ከሁለተኛው ቀጠሮ ብቻ ሳይሆን አሸናፊው ከግማሽ በላይ ድምፅ ይኑረው ከሚለው መርህም ነው። ያም ሆኖ እኔ የማደላው ለመለያው ዙር ነው፤ መራጩ ሁለቱን ዕጩዎች ብቻ ለብቻቸው አነጻጽሮ የሚመዝንበት ጊዜ ያገኛልና።

ሦስተኛ መልስ

ስለ ድጋሚ ቆጠራው ልጨምር። ኖርውድ በሁለቱም ጊዜ ድጋሚ ቆጠራ ጠይቀው ተቆጥሯል፤ አሸናፊው ግን አልተለወጠም። በወቅቱ አትላንታ የምትገኝበት የጆርጂያ ግዛት ሕግ ልዩነቱ ከ1 በመቶ ያልበለጠ ከሆነ ተሸናፊው ድጋሚ ቆጠራ እንዲጠይቅ ይፈቅድ ነበር፤ በ2019 ግን ገደቡ ወደ ግማሽ በመቶ ዝቅ ብሏል። የ2009ኙ ልዩነት 0.85 በመቶ ያህል፣ የ2017ቱ ደግሞ 0.9 በመቶ ያህል ስለነበረ፣ በዛሬው ገደብ ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ጥያቄዎች መብት አይሆኑም ነበር። ከሰማንያ ሺህ በላይ ሰው ድምፅ በሰጠበት ምርጫ በሰባት መቶ ድምፅ ለተሸነፈ ዕጩና ለደጋፊዎቹ ድምፁ ዳግም እንዲቆጠር መጠየቅ ሊነፈግ የማይገባው መብት ነው ብዬ አምናለሁ፤ የድጋሚ ቆጠራው ወጪም ቢሆን ከመለያው ዙር ወጪ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።