ክርክር፦ ከዴቪድ ሊንች ፊልሞች አንድ ብቻ ለሕዝብ ቢታይ የትኛው ይሁን?

የአራት ኪሎው፦
እዚሁ አራት ኪሎ ባለ አንድ አዳራሽ ከአሜሪካዊው ዳይሬክተር ከዴቪድ ሊንች ፊልሞች አንዱን ብቻ ለሕዝብ የማሳየት ዕድል አለ። መግቢያው በነጻ ነው፤ ተማሪም ይመጣል፣ ወላጅም ይመጣል። ምርጡ የምትሉትን ከነምክንያቱ አምጡ። «ደስ ስለሚለኝ» ማለት አይበቃም። የምንጠራው ዓመት እንደ ፈረንጆቹ ይሁን።

የፒያሳው፦
«ሙልሆላንድ ድራይቭ»። በ1999 ለአሜሪካው ኤቢሲ ቴሌቪዥን የተከታታይ ድራማ መጀመሪያ ክፍል ሆኖ ተቀረጸ፤ ጣቢያው አልፈልገውም ብሎ መለሰው። በኋላ የፈረንሳይ ገንዘብ ተገኝቶ፣ ተጨማሪ ቀረጻ ተደርጎለት በ2001 ፊልም ሆኖ ወጣ። በፈረንሳዩ የካን ፊልም ፌስቲቫል ለሊንች የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት አስገኝቷል፣ ከጆኤል ኮኤን ጋር ተካፍሎ። ቢቢሲ በ2016 ተቺዎችን ጠይቆ ባወጣው ዝርዝርም የ21ኛው ክፍለ ዘመን አንደኛ ፊልም ተብሏል።

እኔን የሚያሳምነኝ ግን ሽልማቱ አይደለም። ተዋናይ ለመሆን የምትመኘው ቤቲ ለትወና የምትፈተንበትን ትዕይንት እዩት። ቤት ውስጥ ከጓደኛዋ ከሪታ ጋር ስትለማመድ ንግግሩን በቁጣ ትወጣዋለች፤ ተራ ድራማ ነው፣ ራሳቸውም ይስቁበታል። ፈተናው ላይ ያንኑ ንግግር አብሯት የሚተውነው ሰውዬ ላይ ተጠግታ በሹክሹክታ ስትለው ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ጸጥ ይላል። ያው ጽሑፍ፣ ያችው ልጅ፣ ግን ሌላ ሰው። ፊልሙ በስተመጨረሻ የሚሠራውን ሁሉ እዚህች ላይ አስቀድሞ አሳይቶናል።

የካዛንቺሷ፦
ትዕይንቱ ትልቅ ነው። ግን ያ ግማሹ ቤቲን የተጫወተችው የናኦሚ ዋትስ ችሎታ ነው። የሊንችን እጅ ለብቻው ማየት የፈለገ «ኢሬዘርሄድ»ን ይመልከት። በ1972 ቀረጻው ተጀምሮ ገንዘብ እያለቀ፣ እየቆመ እየተነሣ በ1977 ለተመልካች ቀረበ። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ርዝመቱ 89 ደቂቃ። ድምፁን ከድምፅ ባለሙያው ከአለን ስፕሌት ጋር ሆኖ ነው የሠራው፤ የዚያ ፊልም ነፍስም ድምፁ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሄንሪ ከመንገድ ወደ ሕንፃው፣ ከሕንፃው ወደ ክፍሉ ሲገባ ጉምጉምታው አይቆምም፤ መልኩን ብቻ ይለውጣል፦ አንዴ ንፋስ፣ አንዴ እንፋሎት፣ አንዴ ሩቅ ያለ ማሽን። ሰውየው ምንም ሳይናገር ጭንቀቱ ይገባችኋል። ሰው የማይመስለው የሄንሪ ሕፃን በምን እንደተሠራም ሊንች በአደባባይ አልገለጠም፤ ደግ አደረገ። ሌሎቹ ፊልሞቹ ሁሉ ከዚህች ክፍል የወጡ ናቸው።

የለገሃሩ፦
ሁለታችሁም ስለ ፊልሙ እንጂ ወንበሩ ላይ ስለሚቀመጠው ሰው አላሰባችሁም። እኔ «ዘ ስትሬት ስቶሪ» እላለሁ፣ 1999። በእውነት የሆነ ታሪክ ነው፦ አልቪን ስትሬት የሚባሉ የ73 ዓመት ሰው በ1994 ከአዮዋ እስከ ዊስኮንሲን ወደ 390 ኪሎ ሜትር በሣር ማጨጃ ማሽን ላይ ተቀምጠው ሄዱ። ዓይናቸው ስለደከመ መንጃ ፈቃድ የላቸውም፤ ወንድማቸው ታሟል፤ በፊልሙ እንደተነገረው ከተኳረፉ አሥር ዓመት አልፏል። ለእርቅ ሲሉ ያን ሁሉ መንገድ የሚሄዱ ሽማግሌ እዚህ አገር ማብራሪያ አያስፈልጋቸውም።

አሠራሩም ቀላል እንዳይመስላችሁ። ካሜራው ማሽኑን ከኋላ ያይና ቀስ ብሎ ወደ ሰማይ ይነሣል፣ እዚያ ይቆያል፣ ተመልሶ ሲወርድ ሰውየው ያሉት እዚያው ነው፤ ትንሽ ብቻ ነው የተንቀሳቀሱት። የጉዞውን ዝግታ በአንድ ቀረጻ ጨረሰው።

የፒያሳው፦
ጋሼ፣ ፊልሙን እወደዋለሁ። ግን እኛ የምንመርጠው የሱሪያሊስት፣ ማለትም ሕልም የመሰለ ነገር የሚሠራ ዳይሬክተር ሥራ ነው። ሕልም የሌለበትን ፊልም አሳይተን «ሊንች ይህ ነው» ካልን ተመልካቹን አሳሳትነው።

የለገሃሩ፦
ሕልም የለበትም ያለህ ማን ነው? አጋዘን በመኪና ገጭታ መንገድ ዳር የምትጮኸውን ሴት አስታውስ። በሰባት ሳምንት ውስጥ አሥራ ሦስት መግጨቷን ትናገራለች፣ ደግሞ አጋዘን እወዳለሁ ትላለች፤ ከዚያ መኪናዋን አስነሥታ ትሄዳለች። ቀጥሎ አልቪን ያንኑ ሥጋ ጠብሰው ሲበሉ የአጋዘን ሐውልቶች ዙሪያቸውን ቆመው ያያሉ። ይህን ከሊንች ሌላ ማንም አያስገባውም።

የስድስት ኪሎዋ፦
ስለ ቅጂውና ስለ አዳራሹ ሳንነጋገር ምርጫው ከንቱ ነው፤ ሊንች በመጥፎ ድምፅ ከታየ ሊንች አይደለም።

መጀመሪያ ርዝመቱን እዩ። «ሙልሆላንድ ድራይቭ» 147 ደቂቃ ነው። የያዛችሁት ዲቪዲ 141 ገደማ ካለ ፓል በሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት የተቀዳ ነው፦ በሰከንድ 24 ምስል የነበረው 25 ሆኖ ይሮጣል፣ ወደ 4 በመቶ ይፈጥናል፣ ድምፁም ወደ ግማሽ ቶን ይቀጥናል። በፊልሙ ውስጥ ባለው «ሲሌንሲዮ» በተባለ የሌሊት ክበብ ዘፋኟ ርብቃ ዴል ሪዮ በስፓኒሽ የምታዜመው ዘፈን በዚህ ይበላሻል። እሷ መድረኩ ላይ ወድቃ ድምፁ የሚቀጥልበት ያ ቅጽበት የፊልሙ ማሰሪያ ስለሆነ ቀላል ጉዳት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ባለ 5.1 ድምፅ፣ ማለትም በስድስት መስመር የተከፈለ ድምፅ፣ በሁለት ስፒከር ሲለቀቅ ማጫወቻውን ወደ ስቴሪዮ፣ ወደ ሁለት መስመር፣ ቀይሩት። ካልቀየራችሁ ንግግሩ ያለበት የመሐሉ መስመር መውጫ ያጣል፣ ሙዚቃው ብቻ ይሰማል። ሰው ያን ጊዜ «ፊልሙ አይገባም» ይላል፤ ጥፋቱ ግን የገመድና የቅንብር ነው። ስቴሪዮ ሲሆን ደግሞ የሰብዋፈሩ (የወፍራም ድምፅ ስፒከሩ) መስመር ብዙ ጊዜ ይጣላል፣ ስለዚህ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል።

ሦስተኛ፣ መብራት። ሊንች በ«ሙልሆላንድ ድራይቭ» ዲቪዲ ላይ የምዕራፍ መዝለያ እንዳይኖር አድርጓል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ከመጀመሪያው ማሳለፍ ነው፤ አንድ ሰው በየአሥር ደቂቃው ሰዓቱን ይመዝግብ፣ ማጫወቻውና ፕሮጀክተሩም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ) ላይ ይሁኑ።

የአራት ኪሎው፦
አመሰግናለሁ። አንድ ከባድ ነገር ልጠይቅ። «ሙልሆላንድ ድራይቭ» ውስጥ የመኝታ ትዕይንት አለ። ወላጆች ባሉበት ቆርጠን ብናሳየውስ?

የካዛንቺሷ፦
የእኔ ምርጫ እሱ ባይሆንም አይቆረጥም። ሪታ «ሲሌንሲዮ» እያለች በእንቅልፏ የምትናገረው ከዚያ ትዕይንት ቀጥሎ ነው፤ ወደ ክበቡ በሌሊት የሚሄዱትም ስለዚህ ነው። ከቆረጣችሁት ሁለቱ ሴቶች ያለ ምክንያት ታክሲ ውስጥ ይገኛሉ፣ የኋለኛው ግማሽ ሐዘንም ሥሩ ይነቀላል። ወይ ሙሉውን ከ18 ዓመት በላይ ላሉ ብቻ ብላችሁ በር ላይ ለጥፋችሁ አሳዩ፣ ወይ ሌላ ፊልም ምረጡ።

የፒያሳው፦
እስማማለሁ፣ ይለጠፍ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከፊልሙ በኋላ ሰው እንደ ሰምና ወርቅ አንድ ወርቅ ብቻ እንዲያወጣ አታስገድዱት። ምግብ ቤቷ ውስጥ ያለችው አስተናጋጅ ደረቷ ላይ መጀመሪያ «ዳያን»፣ በኋላ «ቤቲ» የሚል ስም አለ። እሱን ካስተዋለ ይበቃዋል፣ የቀረውን ራሱ ይደርስበታል።

የካዛንቺሷ፦
ስለ «ኢንላንድ ኢምፓየር» ማንም አላነሣም፤ ባይነሣም ይሻላል። በአነስተኛ ጥራት ዲጂታል ካሜራ የተቀረጸ የሦስት ሰዓት ፊልም በትልቅ ስክሪን ለመጀመሪያ ተመልካች ፈተና ነው። «ኢሬዘርሄድ» ግን አጭር ነው፣ የሚቆረጥም የለውም የሚል እምነት አለኝ።

የለገሃሩ፦
ሕፃን ይዞ የሚመጣ ወላጅ ያን ሕፃን አይቶ ይቀመጣል ብለሽ ታምኛለሽ?

የካዛንቺሷ፦
ለሕፃናት አይሁን፤ እሱንም በር ላይ እንለጥፋለን። ለአዋቂው ግን አዎ፣ ይቀመጣል።

የአራት ኪሎው፦
አዳራሹ ሁለት ስፒከር ብቻ ነው ያለው፣ ሰብዋፈር የለም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው።

የስድስት ኪሎዋ፦
እንግዲያው ክረምት ላይ «ኢሬዘርሄድ» አይሆንም፤ ዝናቡ ያን ጉምጉምታ ይውጠዋል። ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ይሁን። ሰብዋፈር ተከራዩ፣ መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኑ፣ የፕሮጀክተሩን ብራይትነስም አታስነሡ፤ ጥቁሩ ግራጫ ይሆንና ሄንሪ የቆመበት ጨለማ ይጠፋል። ድምፁን በባዶ አዳራሽ ስትለኩ ከኋላ ረድፍ ሆናችሁ ትንሽ ከፍ አድርጉት፣ ሰው ሲሞላ ድምፁ ይዋጣልና።

የለገሃሩ፦
እኔ አሁንም አልቪንን ይዣለሁ። ዝናብም ቢዘንብ ይሰማል።