ከእንግሊዝ የመጣች ሲንጋፑራ ድመት አለችኝ፣ ኢንሹራንሷን ላሳድስ ወይስ ልተወው? (ጎንደር)

ጠያቂ፣ ከማራኪ

ሰላም ናችሁ ቤተሰብ፣ እስኪ ስለ ድመት የምታውቁ ካላችሁ አንድ ነገር አማክሩኝ። ታላቅ እህቴ እንግሊዝ ነበረች፣ አሁን ስራዋ ወደ ሌላ አገር ስለወሰዳት ድመቷን ይዛት መጥታ እኔ ጋ ትታት ሄደች። ዘሯ ሲንጋፑራ ነው የሚባለው፣ እናትና አባቷ የተመዘገቡበት ወረቀት ሁሉ አላት። ያያት ሰው በሙሉ ገና ልጅ ናት ወይ ይለኛል፣ ሁለት አመት አልፏታል ግን ሚዛን ላይ ስትወጣ ሁለት ኪሎ ብቻ ናት። ፀጉሯ የአሸዋ ቀለም ሆኖ እያንዳንዷ ዘለላ ጫፏ ላይ ጠቆር ብላለች፣ አይኗ ፊቷን ሞልቶታል። እማዬ ጠዋት ጠዋት ወተት ካላቀረበችላት ቀኑ አይነጋላትም፣ በጣም ነው የምንወዳት።

ጥያቄዬ ስለ ኢንሹራንሷ ነው። እህቴ እዛ እያለች በወር 17 ፓውንድ እየከፈለች ኢንሹራንስ አስገብታላት ነበር፣ ላይፍታይም የሚሉት አይነት ነው፣ አሁንም ከአካውንቷ እየተቆረጠ ነው፣ የሚታደሰው ደግሞ በሚቀጥለው ወር ነው። የሚጠቅማት ከሆነ ይቀጥል፣ ካልጠቀማት እዛው ያለውን ግቢላት እኔ ብሩን እልካለሁ አለችኝ። የእንግሊዙ እዚህ ታማ ባሳክማት ይከፍላል? እዚህ ጎንደርስ ለድመት የሚሸጥ ኢንሹራንስ አለ እንዴ? ሁለቱም ካልሆኑ ያን ብር ምን ላይ ባውለው ይሻላል? ከሁለት ሶስት አመት በኋላ እህቴ ወደ እንግሊዝ ከተመለሰች ልትወስዳት ታስባለች፣ እሱንም አስቡልኝ። አልመከነችም፣ እህቴ አንዴ እንኳን ትውለድ ትላለች።

ሊድስ ያለሁ የቀሃ ልጅ

እህቴ ሰላም ነሽ፣ እኔ እዚህ ሁለት ድመት አለኝ ሁለቱም ኢንሹራንስ አላቸው፣ የወረቀቱን ነገር በደንብ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ እህትሽ ደውላ ድመቷ ከእንግሊዝ መውጣቷን ትናገር። ውሉ ድመቷ ከምትኖርበት አድራሻ ጋር የተያያዘ ነው፣ የሚከፈለው አረቦን ራሱ ሲሰላ ሰፈሩ ታይቶ ነው። አንዳንዱ ውል ውስጥ የጉዞ ሽፋን አለ ግን እሱ ለእረፍት ወጥቶ ለሚመለስ ነው፣ የቀን ገደብ አለው የአገር ዝርዝር አለው፣ ኑሮዋን ለቀየረች ድመት አይሆንም። ክሌም (የክፍያ ጥያቄ) ስታቀርቡ የሚጠይቁት የህክምና ታሪኳን በሙሉ ነው፣ ጎንደር የታከመችበትን ወረቀት ሲያዩ አንከፍልም ነው የሚሏችሁ፣ እስከዛ የከፈላችሁት ሁሉ ከንቱ ሆነ ማለት ነው።

እንግሊዝ ብትሆን ኖሮ ግን አትንኩት እልሽ ነበር። አይነታቸው ይለያያል፣ ርካሹ በአደጋ ብቻ የሚከፍል ነው። ከሱ ቀጥሎ ያለው ድመቷ ከታመመችበት ቀን ጀምሮ አስራ ሁለት ወር ብቻ ከፍሎ ያንን በሽታ ይተወዋል፣ ሌላው ለአንድ በሽታ የተመደበው ገንዘብ እስኪያልቅ ነው። ላይፍታይም የሚባለው ሳይቋረጥ እስካሳደስሽው ድረስ የገንዘቡ ጣሪያ በየአመቱ እንደ አዲስ ይሞላል፣ ስለዚህ ኩላሊት ምናምን እድሜ ልክ የሚያስታምም ነገር ለሚይዛት ድመት ዋጋ ያለው እሱ ነው። እሱም ቢሆን ክትባት፣ ማምከን፣ እርግዝናና ምጥ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም፣ እንደ መኪናው ኤክሰስ አለው (ከሂሳቡ መጀመሪያ አንቺ የምትከፍይው)፣ ድመቷ ስታረጅ ደግሞ ከሂሳቡ ላይ በፐርሰንት ከኪስሽ ያስከፍሉሻል።

ከባህር ዳር

እኔ ግን ባይቋረጥ ይሻላል ባይ ነኝ። ከሁለት አመት በኋላ ትመለሳለች ብለሻል አይደል፣ ያኔ አዲስ ኢንሹራንስ ስትገባ በመሃል የታመመችውን ሁሉ ከድሮ የነበረ በሽታ ነው ብለው ያወጡታል፣ የድሮው ቢቀጥል ግን ይሄ አይመጣም ነበር። 17 ፓውንድ ለእህትሽ ከባድ ካልሆነ ዝም ብላ ትክፈል።

ሊድስ ያለሁ የቀሃ ልጅ

ወንድሜ ያልከው ስለ ድሮ በሽታው እውነት ነው፣ አዲስ ውል ሲገባ በፊት የታየባትን ምልክት ሁሉ ይተውታል፣ ውሉ ከተፈረመም በኋላ ለበሽታ ብዙዎቹ ሁለት ሳምንት የመጠበቂያ ጊዜ አላቸው። ግን ድመቷ ሊድስ ወይ ለንደን ያለች አስመስሎ መክፈል አይሆንም፣ የተሳሳተ መረጃ ከሰጠሽ ውሉን ከጅምሩ ሊሰርዙት ይችላሉ። ይልቅ ከመሰረዙ በፊት እህትሽ እስካሁን የታከመችበትን ሙሉ ታሪክ ከእንግሊዙ ክሊኒክ በኢሜይል ታስልክ፣ ጎንደርም የታየችበትን ሁሉ ቀን ያለው ወረቀት ያዢ፣ ስትመለስ ምን እንደነበረባትና ምን እንዳልነበረባት በግልፅ የሚታየው በሱ ነው።

ቀበሌ 18

እዚህ ስላለው እኔ ልንገርሽ፣ ለውሻዬ ብዬ ፒያሳ አካባቢ ያሉ የኢንሹራንስ ቅርንጫፎችን ዞሬ ጠይቄአለሁ። ልጆቹ በትህትና ነው ያናገሩኝ ግን የሚሰሩት መኪና፣ ቤት፣ የህይወት፣ የጭነት ነው፣ የእንስሳት ሲባል የሚያውቁት የወተት ላምና የእርሻ ከብት ነው፣ ለቤት ውሻና ድመት የለንም አሉኝ። ለከብት የሚሰራው ደግሞ ሌላ አይነት ነው፣ ቦረና ላይ በፈረንጆቹ 2012 የተጀመረው የአርብቶ አደሩ መድን ለምሳሌ በሳተላይት የሳሩን ሁኔታ አይቶ ነው የሚከፍለው፣ ላሟን ማንም መጥቶ አይመረምራትም። እና እኔ ያደረግኩት ለውሻዬ ለብቻው አካውንት ከፍቼ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ማስገባት ነው። እቁብም ነበረኝ ግን እቁብ ለዚህ አይሆንም፣ ውሻው ሲታመም እጣ እስኪወጣልሽ አይጠብቅም።

ቬት ነኝ፣ እዚሁ ቴዎድሮስ ግቢ የተማርኩ

እህቴ የኢንሹራንሱን ነገር ወንድሞች ጨርሰውታል፣ እኔ የዘሯን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ብሩን የት ማዋል እንዳለብሽ የሚነግርሽ እሱ ነው።

ሲንጋፑራ ከትንንሾቹ የድመት ዘሮች አንዱ ነው፣ ሴቷ ሁለት ኪሎ መሆኗ ክሳት አይደለም ጤነኛ ክብደቷ ነው። ዘሩ የተራባው ግን በፈረንጆቹ 1975 ወደ አሜሪካ ከገቡ በጣም ጥቂት ድመቶች ነው፣ ስለዚህ ዝምድናቸው የቀረበ ነው። ከዚህ ዘር ጋር ስሙ የሚነሳ በሽታ ፒኬ ዴፊሸንሲ ይባላል፣ ቀይ የደም ሴል ጉልበት የሚያገኝበት ኢንዛይም ያንስና ሴሉ ቶሎ ይፈርሳል፣ ድመቷ የደም ማነስ ይይዛታል፣ ይመጣል ይሄዳል፣ አንዳንዷ በወራት እድሜዋ አንዳንዷ ከብዙ አመት በኋላ ነው የሚታይባት። ከእናትም ከአባትም ካልወረሰችው በሽታው አይይዛትም፣ ከአንዱ ብቻ ከወረሰች ተሸካሚ ትሆናለች እንጂ አትታመምም። በነገራችን ላይ ይሄው በሽታ በአገራችን ስም አቢሲኒያን በሚባለው ዘርም አለ፣ ያ ዘር እንኳን የሚታወቀው በፈረንጆቹ 1868 የመቅደላው ጦርነት ካበቃ በኋላ እንግሊዝ ገባች ከምትባል ዙላ ከምትባል ድመት ጋር ተያይዞ ነው።

የዲኤንኤ ምርመራ አለው፣ ጉንጯን ከውስጥ በጥጥ ጠረግ አድርጎ ወደ ውጭ ላብራቶሪ መላክ ነው፣ በህይወቷ አንዴ ብቻ ነው የሚሰራው። ከዛ በፊት ግን እህትሽ ያረባትን ሰው ትጠይቅ፣ ዘሯ የተመዘገበ ከሆነ ወላጆቿ ተመርምረው ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ነፃ ከሆኑ እሷም ነፃ ናት፣ ሳንቲም ሳታወጪ ጨረስሽ።

ምርመራው እስኪሆን ቤት ውስጥ የምታይው ነገር አለ። ከንፈሯን ገለጥ አድርገሽ ድዷን እይው፣ ሮዝ መሆን አለበት። በጣትሽ ጫን አድርገሽ ስትለቂው ይነጣና ሁለት ሰከንድ ሳይሞላ ወደ ሮዝ መመለስ አለበት። ጤነኛ ሆና እያለች ደጋግመሽ እይው፣ የሷን ቀለም አይንሽ ካልለመደው ስትታመም አትለይውም። ድዷ ነጭ ወይ ቢጫ ከሆነ፣ ስትጫወት ቶሎ ከደከማት፣ በዛው ቀን አምጫት።

ትውለድ የሚለውን ግን እባካችሁ ተዉት። በዚህ ዘር ምጥ ላይ ማህፀኗ የመግፋት አቅም ማጣቱ የታወቀ ችግር ነው፣ ሲብስ በኦፕራሲዮን ነው የሚወለደው። ለሁለት ኪሎ ድመት የሌሊት ኦፕራሲዮን ጎንደር ላይ ማን እንደሚሰራልሽ ሳታውቂ አታስረግዣት። የዘሩ ወንድ እዚህ ከየት ይመጣል፣ ከሰፈር ድመት ካረገዘች ደግሞ ልጆቹ ሊተልቁባት ይችላሉ። አስመክኗት።

እማማን ደግሞ ሰላም በይልኝና ወተቱን ይቀንሱላት በይያቸው፣ አብዛኛው አዋቂ ድመት ወተት አይፈጭለትም ሆዱን ያስቀምጠዋል። ሁልጊዜ ንፁህ ውሃ ይቅረብላት፣ ለፍቅር ከሆነ ትንሽ የተቀቀለ ስጋ ያለ ጨው ያለ በርበሬ ይስጧት።

አዘዞ

ቬቱ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ የምጨምረው ግን እዚህ አገር ድመት የሚገድለው የዘር በሽታ ሳይሆን የአይጥ መርዝ ነው። የኔዋ ድመት፣ ጎረቤት የጣለውን መርዝ የበላች አይጥ በልታ ነው በአንድ ሌሊት ያለቀችው፣ በሩ ተከፍቶ ነበር የወጣችው። ኢንሹራንስ ቢኖረኝስ ምን ያደርግልኝ ነበር። ያንቺዋ ከውጭ የመጣች የቤት ድመት ናት የሰፈሩን ነገር አታውቅም፣ መስኮቱን ሽቦ አሰሩበት፣ ጎረቤት መርዝ ሲጥል እንዲነግራችሁ አደራ በሉ።

ቬት ነኝ፣ እዚሁ ቴዎድሮስ ግቢ የተማርኩ

እግዜር ያፅናሽ እህቴ፣ በጣም ያሳዝናል። እውነት ነው መርዙ ብዙ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው አይነት ምልክቱ ከቀናት በኋላ ነው የሚታየው፣ ቶሎ ከመጣች ቫይታሚን ኬ አለው። ፎስፋይድ ያለበት ግን ማርከሻ የለውም፣ ስለዚህ ምልክት ሳትጠብቁ መምጣት ነው፣ የመርዙን ፓኬት ይዛችሁ ኑ። አንድ ደግሞ ሁሌ የምናየው አለ፣ ድመት አተኮሳት ብሎ ፓራሲታሞል መስጠት። ለሰው መድሃኒት ነው ለድመት መርዝ ነው፣ ጉበቷ አያስወግደውም፣ ለሁለት ኪሎ ድመት ግማሽ ፍሬ ራሱ ይገድላታል። የውሻ ቁንጫ መድሃኒትም ፐርሜትሪን ካለበት እንዳይነካት።

ክትባት ደግሞ የሬቢሱ (የእብድ ውሻ በሽታው) በየትኛውም ሁኔታ አይቀርም፣ ቤት ውስጥ ብትውልም። በሽታው የሚይዘው ውሻን ብቻ አይደለም፣ ድመትም ይይዛታል ለሰውም ታስተላልፋለች። ማንም ድመት ወይ ውሻ ከነከሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ በቀጥታ ጤና ተቋም ይሂድ፣ ነገ አይባልም። ሶስቱን የድመት በሽታ ባንድ ላይ የሚከላከለው ክትባት ሁሌ ስለማይገኝ ከመምጣትሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ።

ጠያቂ፣ ከማራኪ

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ ዶክተር እርስዎንም በጣም ነው የማመሰግነው። እህቴን አናገርኳት፣ ኢንሹራንሱን ልትሰርዘው ነው፣ ታሪኳንም ከክሊኒኩ ጠይቃለች። ስለ መውለዱም ስነግራት ደንግጣ እሺ ትምከን ብላለች። ያረባቻት ሴትዮም መልሳላታለች፣ እናቷ ነፃ ናት አባቷ ግን ተሸካሚ ነው አለቻት፣ ይሄ ምን ማለት ነው? ደግሞ ስትመለስ ለእንግሊዝ የሚያስፈልገው ምንድነው፣ ከአሁኑ ማድረግ ያለብኝ ካለ?

ቬት ነኝ፣ እዚሁ ቴዎድሮስ ግቢ የተማርኩ

እሰይ ጥሩ ዜና ነው። እናቷ ነፃ ከሆነች እሷ በፒኬ ልትታመም አትችልም፣ ቢበዛ ተሸካሚ ናት፣ ካልወለደች ደግሞ ተሸካሚ መሆኗ ምንም አያመጣም። የምርመራውን ገንዘብ ለማምከኛው አውይው።

ሊድስ ያለሁ የቀሃ ልጅ

ለመመለሱ እኔ ልንገርሽ። ኢትዮጵያ እንግሊዝ ቀለል አድርጋ ከምትቀበላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም፣ ስለዚህ ማይክሮቺፕ፣ ከሱ በኋላ የተወጋ የሬቢስ ክትባት፣ ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ የሚወሰድ የደም ምርመራ ያስፈልጋል፣ ደሙ ከተወሰደበት ቀን ጀምሮ ሶስት ወር መጠበቅም አለ። ምርመራው ውጭ እውቅና ባለው ላብራቶሪ ነው የሚሰራው። ከዛ በኋላ የሬቢሱ ክትባት አንድ ቀን እንኳ ካለፈበት እንደገና ከዜሮ ነው፣ ስለዚህ ማደሻውን ቀን ስልክሽ ላይ ያዢው። ከእንግሊዝ ስለመጣች ቺፕ ይኖራታል፣ ቁጥሩን ከወረቀቱ ጋር አስተያዪው።

ጠያቂ፣ ከማራኪ

ቺፑ አላት ቁጥሩም ወረቀቱ ላይ አለ። እንግዲህ እህቴ 17 ፓውንዱን በየወሩ ለኔ ልትልክልኝ ነው፣ እንደ ቀበሌ 18ቱ ወንድሜ ለብቻው አካውንት ከፍቼ አስቀምጠዋለሁ። መጀመሪያ ክትባቱና ማምከኑ ይወጣበታል የቀረው አይነካም። ማምከኛውን ቅዳሜ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ዶክተር ማድረግ ያለብኝ ነገር አለ?

ቬት ነኝ፣ እዚሁ ቴዎድሮስ ግቢ የተማርኩ

አለ። ለሚያደነዝዛት ሰው ክብደቷን በግምት እንዳይወስደው ንገሪው፣ እዛው ሚዛን ላይ ትውጣ፣ ሁለት ኪሎ ድመት ላይ ትንሽ የመድሃኒት ስህተት ትልቅ ነው። ከስንት ሰአት ጀምሮ እንዳትበላ ደውለሽ ጠይቂ፣ ትንሽ ድመት ብዙ ሰአት ባዶ ሆዷን መቆየት የለባትም፣ ውሃ ግን አትከልክያት። ሰውነቷ ቶሎ ስለሚበርድ ፎጣና በጨርቅ የተጠቀለለ ሙቅ ውሃ ያለበት ሃይላንድ ይዘሽ ሂጂ፣ ስትነቃ ከጎኗ ይደረግላት። ከዛ ማታውን ድዷን እንዳልኩሽ እያየሽ እደሪ፣ ከነጣብሽ ደውይ።