ሥራ ሳያቋርጡ በጨረራ ደኅንነት ሁለተኛ ዲግሪ በኢንተርኔት መማር ይቻላል?

ጠያቂ፦ የራጅ ባለሙያ

ጤና ይስጥልኝ። በራጅ ባለሙያነት ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ ደግሞ የክፍላችንን የጨረራ ደኅንነት ኃላፊ እያገዝሁ የሠራተኞችን የጨረራ መጠን መለኪያ ባጅ የመሰብሰብና ውጤቱን የመመዝገብ ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። ይህን ሥራ ከልቤ ስለወደድሁት በጨረራ ደኅንነት ሁለተኛ ዲግሪ በኢንተርኔት ለመማር አስቤአለሁ፤ ነገር ግን ሥራዬን መልቀቅ አልችልም፣ ፈረቃዬም በየሳምንቱ ይለዋወጣል። የሚያሳስቡኝ ነገሮች ሁለት ናቸው። ካልኩለስ ከተማርሁ ከአሥር ዓመት በላይ ስለሆነኝ ሒሳቡ ይከብደኛል ብዬ እሰጋለሁ። ከዚያም በላይ፣ መለኪያ መሣሪያ በእጁ ሳይዝ በኮምፒውተር ብቻ የተማረ ሰው በእርግጥ ባለሙያ ሊባል ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ዕረፍት ነሥቶኛል። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ብታማክሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ ከሥራ ጋር ተምሮ የጨረሰ

እኔ ይህንኑ ትምህርት ሥራ ላይ ሆኜ በሦስት ዓመት ተኩል ጨርሻለሁ። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሁለት ኮርሶች ወስጄ አንዱን ለማቋረጥ ስለተገደድሁ፣ ከዚያ በኋላ አንድ አንድ ብቻ እየወሰድሁ ቀጠልሁ፤ ለእርስዎም ይህን እመክራለሁ። ፈረቃዎ የሚለዋወጥ ከሆነ ከመመዝገብዎ በፊት ትምህርቱ ተቀርጾ በፈለጉት ሰዓት የሚታይ መሆኑን፣ ፈተናውም በተወሰነ ሰዓት ብቻ የሚሰጥ አለመሆኑን በጽሑፍ ጠይቀው ያረጋግጡ።

ሒሳቡን በተመለከተ ስጋትዎ ተገቢ ቢሆንም፣ የሚያስፈልገው ሒሳብ ከሚያስቡት ይልቅ የተወሰነ ነው። ለምሳሌ ለሕክምና ምርመራ የሚውለው ጨረራ አመንጪ ቴክኒሺየም 99ኤም ግማሽ ዕድሜው (ግማሹ የሚከስምበት ጊዜ) 6 ሰዓት ያህል ስለሆነ ከአንድ ቀን በኋላ አንድ አሥራ ስድስተኛው ብቻ እንደሚቀር ማንም በቃሉ ሊያሰላው ይችላል፤ ከ10 ሰዓት በኋላ ምን ያህል ይቀራል ሲባል ግን የኤክስፖኔንሻል ቀመሩንና ሎጋሪዝምን ማወቅ ግድ ነው። የመከለያ ግድግዳ ውፍረት ስሌትም መነሻው ይኸው ቀመር ነው። እኔን ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ ካልኩለሱ ሳይሆን ስታትስቲክሱ ነበር። የጨረራ መለኪያ መሣሪያ 100 ቆጠራ (የጨረራ ምት) ሲመዘግብ የሚጠበቀው መዋዠቅ 10 ያህል፣ ማለትም 10 በመቶ ነው፤ 10,000 ሲመዘግብ ደግሞ 100 ያህል፣ ማለትም 1 በመቶ ይሆናል። ስለዚህ መዋዠቁን በመቶኛ ወደ አንድ አሥረኛ ለማውረድ መቶ እጥፍ መቁጠር ያስፈልጋል። ይህን በሚገባ የተረዳ ሰው አንድን ወለል ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ለክቶ «ብክለት የለም» ብሎ አይፈርምም። ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት ያሉትን ሦስት ወራት ለእነዚህ ርእሶች ቢያውሏቸው በቂ ዝግጅት ይሆንልዎታል።

መልስ፦ የላቦራቶሪ አስተማሪ

ሁለተኛው ጥያቄዎ ከመጀመሪያው ይበልጥ ከባድ ነው፤ መሣሪያ ሳይነኩ የተገኘ ዲግሪ ጎደሎ ነው ብዬ በግልጽ እናገራለሁ። የጋይገር ሙለር መለኪያ (የጨረራን ምት አንድ በአንድ የሚቆጥር መሣሪያ) ጨረራው እጅግ በበረታበት ቦታ ከመጠን በላይ ተጨናንቆ ዝቅተኛ ቁጥር፣ አንዳንዱም ጭራሽ ዜሮ ሊያሳይ እንደሚችል መጽሐፍ ላይ ማንበብ ይቻላል። ሆኖም ወደ አንድ ክፍል ሲገቡ ገና ከበሩ ጀምሮ መሣሪያውን ከፍቶ፣ ቁጥሩ ሲጨምርና በድንገት ሲወድቅ መጠርጠር፣ ከዚያም ወደ ኋላ ተመልሶ በበረታ ጨረራም ሳይጨናነቅ የሚለካውን የአዮናይዜሽን ቻምበር መለኪያ መያዝ በተደጋጋሚ ልምምድ ብቻ የሚገኝ ልማድ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች ለአጭር ጊዜ በአካል ተገኝተው ላቦራቶሪ የሚሠሩበትን ፕሮግራም ይምረጡ። ይህ ካልተቻለ፣ በሥራ ቦታዎ ልምድ ያለው ባለሙያ እየተቆጣጠረዎ የተግባር ትምህርቱን እንዲያከናውኑ ዩኒቨርሲቲው ይቀበል እንደሆነ ይጠይቁ። በዚህ ረገድ እርስዎ ከብዙ የመደበኛ ተማሪዎች የተሻለ ዕድል አለዎት፤ መሣሪያውም፣ የጨረራ ምንጩም፣ የሚጠየቅ ሰውም በየዕለቱ በአጠገብዎ ናቸውና።

አንድ ነገር ልጨምር። ዲግሪና የሥራ ፈቃድ አንድ አይደሉም። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መሠረታዊ የደኅንነት መመዘኛ የጨረራ ደኅንነት ኃላፊንና ብቁ ባለሙያን ለይቶ ይተረጉማል፤ ማን የትኛውን ሥራ እንዲሠራ እንደሚፈቀድለት የሚወስነው ግን የየአገሩ ተቆጣጣሪ አካል ነው። ገንዘብዎን ከመክፈልዎ በፊት ይኸው አካል የዚያን ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይቀበል እንደሆነ ይጠይቁ።

ጠያቂ፦ የራጅ ባለሙያ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን ከዕለት ሥራዬ ጋር ላያይዘው ብችል ጊዜ አተርፋለሁ ብዬ አስባለሁ። እኔ ባለሁበት ደረጃ ምን ዓይነት ርእስ ይቻላል?

መልስ፦ ከሥራ ጋር ተምሮ የጨረሰ

የባጅ ውጤት የሚመዘግቡ ከሆነ የዓይን ሌንስን ያስቡበት። ዓለም አቀፉ የጨረራ መከላከያ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2011 ለሠራተኞች የዓይን ሌንስ የሚፈቀደው ዓመታዊ ጣሪያ ከ150 ሚሊሲቨርት (የጨረራ መጠን መለኪያ አሃድ) ወደ 20 እንዲወርድ መክሯል፤ ይህ 20 የአምስት ዓመት አማካይ ሲሆን በማናቸውም አንድ ዓመት ከ50 መብለጥ የለበትም። በራጅ እየታገዙ የልብ ደም ሥር ሕክምና የሚሰጡ ባለሙያዎች ከእርሳስ ሽርጣቸው ሥር የሚያደርጉት ባጅ ዓይናቸው ስለሚያገኘው ጨረራ የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ በአንገትጌ ላይ ወይም በዓይን አጠገብ ተጨማሪ መለኪያ አድርጎ ለጥቂት ወራት ማነጻጸር በአንድ ሰው ዐቅም የሚሠራና ውጤቱም ለሥራ ባልደረቦችዎ በቀጥታ የሚጠቅም ጥናት ነው።

ነገር ግን የሠራተኞቹ የጨረራ መዝገብ የግል መረጃ ነው፤ በየዕለቱ በእጅዎ ስለሚገባ ብቻ ለጥናት ሊያውሉት አይችሉም። የእያንዳንዱን ሠራተኛ ፈቃድ፣ የሆስፒታሉን ደብዳቤና የሥነ ምግባር ኮሚቴውን ይሁንታ ገና የመጀመሪያውን ኮርስ ሲጀምሩ ይጠይቁ። እኔ ይህን አዘግይቼ ጥናቴ ለሰባት ወራት ያህል ቆሞብኛል።