የለገደንቢ ወርቅ ይዘጋ ወይስ ይቀጥል? ክርክር ከሀዋሳ

የታቦር ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ ትናንት ፒያሳ ቡና ላይ የጀመርነውን ነው እዚህ ያመጣሁት። ለማታውቁት፣ ኦሮሚያ ጉጂ ዞን ሻኪሶ ያለው የለገደንቢ ወርቅ ማዕድን በ1990 አካባቢ ነው በ20 አመት ፈቃድ ለሚድሮክ ኩባንያ የተሰጠው። በ2010 ፈቃዱ ለ10 አመት ሲታደስ የጉጂ ህዝብ በማዕድኑ ምክንያት ፅንስ እየጨነገፈብን ነው፣ ልጆች አካላቸው ተጎድቶ እየተወለዱ ነው ብሎ አደባባይ ወጣ፣ ግንቦት ላይ መንግስት ፈቃዱን አገደው፣ በ2013 ደግሞ ተመልሶ ስራ ጀመረ። እኔ መከፈት አልነበረበትም ነው የምለው።

ኢኮኖሚስቱ፦ እኔ አልስማማም። በ2017 በጀት አመት እኮ ወርቅ በውጭ ምንዛሬ ቡናን በልጧል፣ መድሀኒቱም ነዳጁም ማዳበሪያውም የሚገዛው በዶላር ነው። ደሞ ኩባንያው ቢዘጋ ቁፋሮ የሚቆም መስሏችሁ ነው? ባህላዊ አምራቹ ይቀጥላል፣ አንዳንዱ ወርቁን የሚይዘው ሜርኩሪ በሚባል ፈሳሽ ብረት ነው፣ ከዛ ሜርኩሪውን በእሳት ሲያተነው ጭሱን የሚስበው ራሱ ከነቤተሰቡ ነው። ስለሱ ማንም ሰልፍ አይወጣም።

የላብ ልጅ፦ ስለ ባህላዊው ልክ ነህ ግን አንዱ መርዝ ሌላውን ነፃ አያወጣውም። ሁሉም ሰው ሳይናይድ ሳይናይድ ይላል፣ ኩባንያው ወርቁን ከድንጋዩ የሚለይበትን ኬሚካል ማለት ነው፣ አደገኛ ነው፣ ግን በአግባቡ ከተያዘ በፀሀይና በአየር ቀስ እያለ ይፈርሳል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ አርሰኒክ የሚባለው መርዝ ነው። እሱ ወርቅ ባለበት ድንጋይ ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ ድንጋዩ ተፈጭቶ ወርቁ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ዝቃጭ ግድብ ውስጥ ሲከማች አብሮ ይከማቻል፣ በጊዜ ብዛት የሚጠፋ ነገር አይደለም። ግድቡ ካሰረገ ወይ ክረምት ላይ ሞልቶ ከፈሰሰ ወንዝ ይገባል፣ ወንዙን ከብት ይጠጣዋል፣ እናቶች በጄሪካን ይቀዱታል። ቀለም የለው፣ ጣዕም የለው፣ ስለዚህ ውሃው ኩልል ያለ ነው የሚል ክርክር እዚህ አይሰራም። የሚያውቀው መሳሪያ ብቻ ነው። ጥያቄው ማን ለካው፣ ውጤቱንስ ወንዙን የሚጠጣው ሰው አይቶታል ወይ ነው።

ጋሼ ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ ህጉ እኮ አለ። ህገ መንግስቱ አንቀፅ 44 ንፁህ አካባቢ መብት ነው ይላል፣ 92 ደግሞ የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮጀክት ሲታቀድ የሚነካው ህዝብ ሀሳቡን ይስጥ ይላል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ 299/1995ም ወጥቷል። ገበሬው በሚሰማው ቋንቋ ካልተነገረው ግን ምን ይረባዋል።

የታቦር ልጅ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እኛ ሀዋሳዎች ደሞ ይሄን ከማንም በላይ ልንረዳው ይገባል፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ሲከፈት ሀይቁ እንዳይበከል ተብሎ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ነው የተሰራው፣ ብዙ ገንዘብ ወጥቶበት። ለሀይቃችን ይሄ ሁሉ ከታሰበ የሻኪሶ እናት ልጇ ሲታመምባት ማስረጃ አምጪ የምትባለው በምን ሂሳብ ነው?

ኢኮኖሚስቱ፦ እሺ እዚህ ላይ አልከራከርህም፣ ማስረጃ ማምጣት ያለበት ወርቁን የሚያወጣው ነው። ግን የጨርቅ ፋብሪካ ፍሳሽና የማዕድን ዝቃጭ አንድ አይደሉም፣ ዛሬ ብትዘጋውም ግድቡ እዛው ነው፣ ባለቤት የሌለው ግድብ ደግሞ ይብሳል። እኔ የምለው፣ የኩባንያው ደሞዝተኛ ያልሆነ ላብራቶሪ ውሃውን በየወሩ ይለካ፣ ውጤቱ በኦሮምኛ ቀበሌ ላይ ይለጠፍ፣ ሳይለጠፍ 3 ወር ካለፈ ፈቃዱ ይታገድ።

የላብ ልጅ፦ ውሃ ብቻ አይበቃም። የነፍሰ ጡሮችም ደምና ሽንት ይመርመር፣ ወጪው ከወርቁ ሽያጭ ይሸፈን።

የታቦር ልጅ፦ በሁለታችሁም ሀሳብ እስማማለሁ፣ ግን ቅደም ተከተሉ ላይ አልስማማም። መጀመሪያ ይቁም፣ ይለካ፣ ህዝቡ ውጤቱን ይስማ፣ ከዛ ይከፈት ወይም አይከፈት። እያወጡ መለካት ማለት እኮ እያጠጡ መመርመር ነው።

ኢኮኖሚስቱ፦ የሰራተኛውን ደሞዝ እስከዛ ማን ይከፍላል? እሱን መልስልኝና ድምፄን እሰጥሀለሁ።