«ሄርጾግ» በአማርኛ ማነው? ሚስቱስ?

ዘፍራንክፈርት፦
ሰላም ለዚህ ቤት። አንዲት ቃል አንቃኛለች። የደብራችን ወጣቶች በሚቀጥለው ወር እዚሁ ጀርመን ጎታ ወደምትባለው ከተማ ሊሄዱ ነው፣ ፍሪደንሽታይን የሚባለውን ቤተ መንግሥት ሊያዩ፣ ጀርመናዊውን ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍን ግዕዝ ያስተማሩት አባ ጎርጎርዮስ ያረፉበትን። (ያረፉበት ስል በእንግድነት የተቀመጡበት ማለቴ ነው፣ ሞታቸውማ በ1658 እስክንድሩን አጠገብ መርከብ ተሰብሮ ነው። ይሄን ካልጻፍኩ እዚህ ቤት ማን እንደሚነሳብኝ አውቃለሁ።) ለልጆቹ አንድ ገጽ ወረቀት እያዘጋጀሁ ነው፣ ዓመቶቹን በፈረንጅ አድርጌያቸዋለሁ፣ እንዲህ ይላል፦

«አባ ጎርጎርዮስ በ1652 በሂዮብ ሉዶልፍ አማካይነት ጎታ ሲመጡ አገሩን ይገዙ የነበሩት መስፍን ኤርንስት ጻድቁና ______ ኤሊዛቤት ሶፊ ነበሩ።»

ክፍቱ ቦታ ነው ችግሬ። ጀርመንኛው እሱን ሄርጾግ፣ እሷን ሄርጾጊን ይላል። ሄርጾጊን ምን ልበላት? መስፍኒት? ሐሙስ ለማተሚያ ቤት እሰጣለሁ።

ብራና፦
እሷን ተዋት፣ መጀመሪያ እሱን አስተካክል። መስፍን ከየት አመጣህ? መስፍን እኮ ሰፈነ ከሚለው ግዕዝ ነው፣ ገዛ፣ ፈረደ። ለዚህ ነው መጽሐፈ መሳፍንት የምንለው፣ ዳኞች ናቸው። ሄርጾግ ግን የጦር ስም ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።

የቅኔ ልጅ፦
ወንድሞች ማንም ያላየው ነገር አለ። ሄርጾግ የምትለዋን ቀስ ብላችሁ አንብቧት። ሄር። ጾግ። ኄር ማለት በግዕዝ ደግ፣ መልካም። «ኦ ገብር ኄር ወምእመን» የሚለውን ማን አያውቅም። ጾግ ደግሞ ጸጋ ናት፣ አፋቸው አልመች ብሎ ነው። ኄረ ጸጋ! ጸጋው የበዛለት ሹም። አባ ጎርጎርዮስ ናቸው ያስተማሯቸው ብል ማን ይከለክለኛል?

ቡና ቁርስ፦
ዘመኑ ይከለክልሃል 😂 አባ ጎርጎርዮስ ከመምጣታቸው ስንት መቶ ዓመት በፊት ሄርጾግ ሲባሉ የነበሩትን ማን አስተማራቸው?

መሪጌታው፦
የቅኔ ልጅ፣ ስንት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀመጥክ? ኄር በብዙኃኑ ኀ ነው የሚጻፈው፣ ያንተ ሄር በሃሌታው ሀ ነው። ሁለቱን ካቀላቀልክ ዋሸራ ብትሆን ተማሪው ራሱ ይስቅብህ ነበር።

የቅኔ ልጅ፦
መሪጌታ ይቅርታ ያድርጉልኝና ጀርመኖች ብዙኃን እና ሃሌታ አላቸው እንዴ? አንድ ሀ ብቻ ላለው ሰው በየትኛው ሀ እንደጻፈ እንዴት አወቁ?

መሪጌታው፦
ለዚህ ነዋ ከእኛ ወሰዱት ማለት የማይቻለው።

ሸዋዬ ዘበርሊን፦
ጀርመንኛ አጥንቻለሁ፣ ላሳጥረው። የድሮ ቅርጹ ሄሪጾጎ ነው። ሄሪ ጦር፣ ሠራዊት። ዛሬም የምድር ጦርን ሄር ይሉታል። ጌታ ማለት ከሆነው ሄር ጋር ፊደሉ ይለያል፣ አትጋጩ። ጾግ ደግሞ ጺየን ከሚለው ግስ ነው፣ መሳብ፣ መምራት። ስለዚህ ሄርጾግ ማለት ጦሩን ከፊት ሆኖ የሚመራ። ላቲኑ ዱክስ የሚለውም መራ ከሚለው ነው የወጣው፣ እንግሊዝ ዱክ የሚለው ከዚያ ነው። እንግዲህ ቃል በቃል ከተባለ ሄርጾግ አዝማች ነው። ዘመተ፣ አዘመተ፣ አዝማች። ሥሩ መቶ ለመቶ የኛ ደጃዝማች ነው።

ብራና፦
አልኩ እኮ! ደጃዝማች ኤርንስት። አለቀ።

ጋሼ ሞላ፦
አላለቀም ልጄ። «ከፊት ሆኖ» ብላለች እህታችን። ከፊት የሚሄደው ማነው? ፊታውራሪ ነው እንጂ ደጃዝማች የደጁ ነው፣ የንጉሡ ድንኳን ደጅ። ፊታውራሪ ኤርንስት በሉት።

ብራና፦
ጋሼ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ፊታውራሪ እኮ ከደጃዝማች በታች ነው። ሄርጾግ ደግሞ ከኻይዘሩና ከንጉሡ ቀጥሎ ያለ ትልቅ ማዕረግ ነው። የጎታውን ገዢ ፊታውራሪ ብለን ልናዋርደው ነው?

ጋሼ ሞላ፦
ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩ፣ ማን ነው እሳቸውን ከደጃዝማች በታች ያላቸው?

ቡና ቁርስ፦
ጋሼ አንደኛ 👏

ቡና ቁርስ፦
እኔ ግን ዱካ ብትሉት ደስ ይለኛል። ጣሊያን ዱካ ዳኦስታን አልላከብንም? ግንቦት 1933 አምባላጌ ላይ እጁን ሰጠና ዱካው ጠፋ። ዱካ ላይ የተቀመጠ ዱካ። ዱቼ የሚሉት ሰውዬም ከዚችው ዱክስ ነው የመጣው፣ የነሱን ነገር ሥሩን ስትቆፍር ጦር እንጂ ሌላ አታገኝም።

ሸዋዬ ዘበርሊን፦
ቡና ቁርስ ዛሬ ጥሩ ቡና ጠጥተሃል 😄 በነገራችን ላይ ዱክስ ካነሳህ አንድ ነገር ላምጣ፣ እኔ ሳየው ገርሞኛል። ማቴዎስ 2፥6 በአማርኛው «ሕዝቤን እስራኤልን የሚጠብቅ መስፍን ከአንቺ ይወጣልና» ነው አይደል? እዚያው ቦታ ላይ ላቲኑ ዱክስ ይላል። ሉተር ሲተረጉም ምን አለ? ሄርጾግ! «ከአንቺ ሄርጾግ ይወጣልኛል» ነው የሚለው። ስለዚህ ሄርጾግን መስፍን ማለት ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ ወንጌሉ ላይ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

ዘፍራንክፈርት፦
እሰይ! ሸዋዬ ተባረኪ። መስፍን ጸደቀ ማለት ነው። አሁን ሄርጾጊን

መሪጌታው፦
ቆይ ቆይ። አማርኛው መስፍን ይበል እንጂ ግዕዙ «እስመ እምኔኪ ይወጽእ ንጉሥ» ነው የሚለው። ንጉሥ! ስለዚህ በአማርኛው መስፍን ተመርኩዞ መፍረድ አይቻልም። ግዕዙን ያላየ ሰው በዚህ ጉዳይ ባይናገር ጥሩ ነው።

ሸዋዬ ዘበርሊን፦
መሪጌታ፣ ግዕዙን አይቻለሁ፣ ሴት ስለሆንኩ አላየችም ብለው ነው? እኔ ያልኩት ስለ አማርኛውና ስለ ጀርመንኛው ነው። እርስዎ ባሉት ከሄድንማ ኤርንስትን ንጉሥ ልንለው ነው፣ ንጉሥ አልነበረም።

መሪጌታው፦
እንዲህ አላልኩም እህቴ። መስፍን ከንጉሥ ያነሰ መሆኑ ግልጽ እንዲሆን ነው። ደግሞ መስፍን ስንል ደም ነው። መሳፍንት በዘር፣ መኳንንት በሹመት። አዝማች ይሾማል ይሻራል፣ መስፍን ግን ይወለዳል። ሰውዬው ሹመኛ ነው ወይስ ባለ ርስት? መልሱ እዚያ ውስጥ ነው።

ብራና፦
ይሄ ጥሩ ነጥብ ነው፣ መሪጌታን ዛሬ ሳመሰግን ታሪክ ነው። ያለ ጥርጥር ባለ ርስት ነው። በ1675 ኤርንስት ሲሞት ሰባት ወንዶች ልጆች ነበሩት፣ በ1680 አገሩን እንደ አባት እርሻ ለሰባት ቆራረጡት፦ ጎታ፣ ኮቡርግ፣ ማይኒንገን፣ ሮምሂልድ፣ አይዘንበርግ፣ ሂልድቡርግሃውዘን፣ ዛልፌልድ። ሁሉም ሄርጾግ ተባሉ። አንዱ ሠፈር የሚያክል ግዛት ይዞ ሄርጾግ! ጦር የሚመራ ቀርቶ ጦር ያለው ስንቱ ነበር? ስለዚህ በሥሩ አዝማች፣ በኑሮው መስፍን። ደጃዝማች ያልኩትን አንስቻለሁ።

ጋሼ ሞላ፦
እኔ ፊታውራሪን አላነሳም።

የቅኔ ልጅ፦
ስለ ጎታ ማንም አላነሳም። ጎታ እኮ የኛ ቃል ነው፣ የእህል ጎታ። ከተማዋ የእህል አገር ከሆነች...

ሸዋዬ ዘበርሊን፦
ሃሃ ይሄኛው እንኳ ከኄረ ጸጋ ይሻላል። ግን አይደለም፣ ስሟ በ775 በካርል ታላቁ ሰነድ ላይ ጎታሃ ተብላ ነው የተጻፈችው፣ ጥሩ ውሃ ማለት ነው ይላሉ።

ቡና ቁርስ፦
ነገር ግን የቅኔ ልጅ ሳያስበው ወርቅ ተናግሯል። የአውሮፓ ነገሥታትና መሳፍንት ማን ከማን እንደተወለደ፣ ማን ማንን እንዳገባ የሚመዘግበው ዓመታዊ መጽሐፍ ከ1763 ጀምሮ የታተመው እዚህችው ጎታ ነው። ስሙም የጎታ አልማናክ። መኳንንቱን እንደ ጤፍ ከምረው ያስቀመጡበት ጎታ ማለት ነው። ሰሙ የእህል፣ ወርቁ የዘር።

መሪጌታው፦
ይሄ እንኳ ቅኔ ሆነ።

ብራና፦
የዚያ ቤት ሰዎች እኮ ጎታውን ሞልተውታል። ከኮቡርግ ወገን ሊዮፖልድ የቤልጂየም የመጀመሪያ ንጉሥ ሆነ፣ ፈርዲናንድ አንዱ ፖርቱጋል ሌላው ቡልጋሪያ ገባ፣ አልበርት ቪክቶሪያን አገባ። የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት እስከ 1917 ድረስ ዛክሰን ኮቡርግ ጎታ ነበር ስሙ፣ ጀርመን ሲወጋቸው አፍረው ዊንዘር አሉት። በ1923ቱ (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) የጃንሆይ ዘውድ በዓል አዲስ አበባ የመጣው የግሎስተር ዱክ ከዚሁ ዘር ነው። የአልበርት ወንድም ኤርንስት ሁለተኛው ደግሞ በ1862 እስከ ቦጎስ ድረስ መጥቶ አደን አድርጓል፣ የእንስሳቱን መጽሐፍ የጻፈውን ብሬምን ይዞ። በ1918 የመጨረሻው ካርል ኤድዋርድ ወረደና ኮቡርግ ወደ ባቫሪያ፣ ጎታ ወደ ቱሪንገን ሄዱ።

ዘፍራንክፈርት፦
ወንድም ብራና ይሄ ሁሉ በአንድ ገጽ አይገባልኝም 🙏 ሄርጾጊን?

ዲያቆን ነበርኩ፦
ዘግይቼ ነው የመጣሁት ግን ማንም ያላየው ትልቅ ስህተት አለ። «ጻድቁ» ብለሃል። ጻድቅ? የሉተር ተከታይ የሆነን ገዢ በደብር ወረቀት ላይ ጻድቅ ብለህ ልታትም ነው? ካህናቱ ሲያዩት ምን ይሉሃል? ጻድቁ ብለን የምንጠራው አቡነ ተክለ ሃይማኖትን፣ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ነው።

ዘፍራንክፈርት፦
ኧረ! አላሰብኩትም። ጀርመንኛው ደር ፍሮመ ነው፣ ምን ልበል ታዲያ?

ዲያቆን ነበርኩ፦
መንፈሳዊው በለው።

ብራና፦
መንፈሳዊው ስትል የመንፈሳዊ ኮሌጅ ዲን ይመስላል። ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው።

ጋሼ ሞላ፦
ረዘመ። ደጉ ኤርንስት።

ሸዋዬ ዘበርሊን፦
ደግነት አይደለም ጋሼ፣ ሃይማኖተኝነት ነው። የሚያሾፉበት ሰዎች ቤት ኤርንስት ይሉት ነበር፣ ቤት ያለው ከቤተን ነው፣ መጸለይ። ጸሎተኛው ኤርንስት እንደማለት። ኤርንስት ራሱ ደግሞ ቁም ነገር ማለት ነው። ግን ጸሎት ብቻ አልነበረም ሰውዬው፣ በ1642 የትምህርት ደንብ አውጥቶ የገበሬውን ልጅ ሁሉ፣ ሴቱንም ወንዱንም፣ ትምህርት ቤት አስገብቷል።

ቡና ቁርስ፦
ቤት ኤርንስት! የቅኔ ልጅ የት ነህ፣ ይሄ እንኳ አያመልጥህም።

የቅኔ ልጅ፦
ቤተ ኤርንስት ነዋ፣ እንደ ቤተ ልሔም 😌 እኔን ስታሾፉብኝ ነው የምትውሉት እንጂ ሉዶልፍ ራሱ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር በግዕዝ ነበር የሚጻጻፈው። ግዕዙን እሳቸው አስተማሩት፣ እሱ መዝገበ ቃላቱን አሳተመው፣ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስው። እንግዲህ ሄርጾግን በግዕዝ ምን ብለው እንደጠሩት ደብዳቤዎቹን ያየ ይንገረን። ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ ሊቅ ናቸው፣ የእኛን ክርክር በአንድ መስመር ይዘጉት ነበር።

መሪጌታው፦
ዛሬ መጨረሻ ላይ ቁም ነገር ተናገርክ። ጻድቁን ግን አውጣ፣ በዚህ ከዲያቆኑ ጋር ነኝ።

ዲያቆን ነበርኩ፦
ነበርኩ ነው መሪጌታ፣ ነበርኩ።

ዘፍራንክፈርት፦
እሺ «ጸሎተኛው መስፍን ኤርንስት» አልኩት። አሁን በማርያም፣ ሚስቱን! አሥራ ስምንት ልጅ የወለደች ሴት ናት፣ ማዕረግ አይገባትም?

ሸዋዬ ዘበርሊን፦
እኔ ልዕልት እል ነበር። ልዑል መኮንን መስፍነ ሐረር ነበሩ፣ ባለቤታቸውን ግን ልዕልት ሣራ ነው ያልናቸው፣ መስፍኒት ያላቸው ሰው አልሰማሁም።

ብራና፦
ግን ልዕልት ካልክ ፕሪንሰሲን ምን ልትላት ነው? የንጉሥ ልጅና የመስፍን ሚስት ተቀላቀሉ።

ጋሼ ሞላ፦
ወይዘሮ። የድሮ ወይዘሮ እኮ ዛሬ መታወቂያ ላይ እንደምትጻፈው አይደለችም፣ የመኳንንት ዘር ብቻ ነበር ወይዘሮ የሚባለው።

ቡና ቁርስ፦
ወይዘሮ ኤሊዛቤት ሶፊ ሲባል የዕቁባችን ሰብሳቢ መሰለችኝ።

መሪጌታው፦
ግዕዙ መስፍንት ነው፣ በሳድስ ን...

የቅኔ ልጅ፦
ወይዘሮ ከምን እንደመጣ ታውቃላችሁ? ወይ ዘር! ወይ...

ዘፍራንክፈርት፦
ሐሙስ ደርሷል፣ ማተሚያ ቤቱ እየደወለ ነው። «መስፍኑ ጸሎተኛው ኤርንስትና ባለቤታቸው ኤሊዛቤት ሶፊ» ብዬ ላክሁት። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ዲያቆን ነበርኩ፦
ባለቤታቸው? ቆይ፣ ቤተ መንግሥቱ የማን ነበር? ባለቤት ስትል ቤቱ የሷ ነው ማለት ነው እኮ።

ጋሼ ሞላ፦
እንዴት የሷ ይሆናል፣ በ1636 ስታገባው ግንቡ አልተጀመረም።

ብራና፦
ባለቤት በሰዋስውም አለ ጋሼ፣ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት። እዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ ባለቤቱ ማነው፣ እሱ ወይስ ሁለቱም?

መሪጌታው፦
ለዚህ አዲስ ርእስ ይከፈትለት።